የባልባላው አግዳሚ

ዛሬ ባደግሁበት ባልባላ ሰፈር፣ ሚኒባስ መጠበቂያው ጋ አዲስ አግዳሚ ወንበር ሲቀባ የቀለሙ ሽታ የልጅነት ንዴቴን ቀሰቀሰው።

እዚሁ ቦታ፣ ሰው ቤት ለሚሠሩት እናቶቻችን ብለን ዳስ ሠርተን ነበር። ሆዳን የምትባለው ሶማሌ ጓደኛዬ ጣውላ ለምና አመጣች፤ እኔ ለጣሪያው ማዳበሪያ ሰፋሁ፤ ወንዶቹ ቆፈሩ፤ የውስጡን አግዳሚ አብረን ቀባን። ዳሱ ባለቀ ቀን ግን የዕለቱ ጫት ሲገባ ጎረምሶች መጥተው ተጋደሙበት። እናቶቻችን ፀሐይ ላይ ቆሙ።

«ተነሱ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እጄን ያዙኝ።

«የምስማሩን ነገር ሳይቀር ተመካክራችኋል» አሉኝ፤ «ማን ያስነሳቸዋል የሚለውን ግን ረሳችሁት።»

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይኸው፣ ጫታቸውን የታቀፉ ጎረምሶች ወደ አዲሱ አግዳሚ እየመጡ ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

አልነግራቸውም።