አክስቴ ሀያት መኪና ስትመርጥ

አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ ቆቦ ውስጥ ሁለት የሚሸጡ መኪኖች ነበሩ፤ አንድ ሰማያዊ ላዳና አንዲት ነጭ ዲኤክስ። ሁለቱም አሮጌ፣ ሁለቱም ሞተራቸው የኋላ ጎማቸውን የሚያዞር ነበሩ። ይህን የነገረችኝ የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሀያት ናት። በዚያ ክረምት ከጅዳ ተመልሳ እኛ ቤት ነበር የተቀመጠችው።

አባቴ ለፍታ ባመጣችው ገንዘብ ወፍጮ እንድትተክል ይፈልግ ነበር። ጎረቤቱም ሁሉ የሚመክራት ያንኑ ነው። እሷ ግን መኪና አለች። ለታክሲ ነው ወይስ ለሰርግ ኪራይ ብለው ሲጠይቋት፣ «ልነዳው ነዋ» ብቻ ትላለች።

መንዳት የለመደችው ከቤት በማትወጣበት አገር ነው። ያገለገለችበት ቤት ልጆች ከመሬት ዝቅ ያሉ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ የሽርሽር መኪኖች ነበሯቸው። ግቢ ውስጥ ቆመው የትኛው ጥምዝ ላይ ደስ እንደሚል ሲከራከሩ፣ እሷ ዕቃ እያጠበች በወጥ ቤቱ መስኮት ትሰማቸዋለች። የቤቱ ሾፌር አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ነበር። ከምሳ በኋላ ሰዎቹ ሲተኙ አስቤዛ የሚያመላልስበትን መኪና እየሰጠ አለማመዳት። ከውጭ በሩ እስከ ወጥ ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ እስከ ውጭ በሩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሁለተኛ ማርሽ አልፋ አታውቅም።

መንጃ ፈቃዷን ወልድያ አወጣችና መኪኖቹን መሞከር ጀመረች። ሁለቱንም ጊዜ እኔን ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ላዳውን እስከ ጎብዬ ነዳችው። ውስጡ ቤንዚንና ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ይሸታል። «መሪው ይከብዳል» አለችኝ፣ «ግን የረገጥሽውን ጠጠር ሁሉ በእጅሽ ይነግርሻል።» በሳምንቱ የዲኤክሷ ባለቤት፣ የአባቴ ጓደኛ ስለነበር፣ ቁልፉን ሰጥቶን ወደ ሮቢት ወጣን። ማሽላው ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት አልፎ ነበር፤ በተከፈተው መስኮት የእርጥብ አገዳ ሽታ ይገባል። አራተኛ ማርሽ ስታስገባ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ አላነሳችውም። «ይቺ ደግሞ ቀላል ናት፤ ገና ስታስቢው ትታጠፋለች» አለች።

ስንመለስ ከድልድዩ አጠገብ ከመንገድ ወጥታ ወደ አሸዋማው ወንዝ ወረደች። ወንዙ ደረቅ ነበር። የመኪናዋን ጀርባ አሸዋው ላይ እያንሸራተተች መዞር ጀመረች። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሷም እየሳቀች፣ «ዛሬ ገና ከጅዳ ወጣሁ» አለች።

በአራተኛው ዙር የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ። ነዳጅ በሰጠች ቁጥር ይብስ ይቆፍራሉ። ከእኛ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ግን ተራራው በዝናብ ጠቁሯል። ጉርምርምታ ሰምተን ቀና ስንል ቡናማ ጎርፍ ቅርንጫፍ እየገፋ መጣና በግራና በቀኛችን አለፈ። ትንሽ ከፍ ያለ አሸዋ ላይ ስለነበርን አልወሰደንም፤ ግን ውሃው የበሩን ግማሽ ያዘ። በሩን ልከፍት ስል እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«እንዳትከፍቺ። ይወስድሻል።»

ወንበሩ ላይ ቆምን። እግራችን ሥር ጭቃ ውሃ ይገባል፤ መስታወቱ በትንፋሻችን ጭጋግ ለበሰ። ሀያት መንቀጥቀጥ ጀመረች። ውሃውን የፈራች መስሎኝ ነበር።

«እዚያም እንዲህ ነበር» አለች። «በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ስድስት ዓመት መንገድ ያየሁት በመስኮት ነው።»

«ለምን አልነገርሽንም እትዬ?»

«ብር ስልክላችሁ ደስ ይላችሁ ነበራ።»

ውሃው እስኪጎድል ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። የሮቢት ጎረምሶች በገመድ ጎትተው ሲያወጡን አባቴ ወሬው ደርሶት መጥቶ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ አቀፈኝ። ቀጥሎ ወደ እሷ ዞረ።

«ምን ልታደርጉ ወረዳችሁ?»

«ድልድዩን ግመሎች ዘግተውት ነው፤ በታች ልንሻገር ብለን» አለች።

አባቴ ወደ እኔ አየ። «እውነት ነው?»

ሀያት አላየችኝም። እግሯን እያየች ነበር። ብርድ ይዞኛል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ ውሸት ለመያዝ አቅም አልነበረኝም። «እየተጫወትን ነበር አባ። እየዞርን ነበር» አልኩ።

አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ፤ ልጅ ልታስጨርስ የነበረች ሴት መሪ እንዳትይዝ ተባለ። የክርክር ድምፅ እጠብቅ ነበር። ሀያት ግን ተነስታ መንጃ ፈቃዷን ለአባቴ ሰጠችውና ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ወፍጮው ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ገብታ ማታ ትወጣለች፤ ሽፋሽፍቷ ላይ ሳይቀር ዱቄት ሆኖ።

ዛሬ ቆቦ ውስጥ ባጃጅ የሚነዱ ሴቶች አሉ፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። እኔም ደሴ ሥራ ይዤ፣ ነዳጅ የማትበላ፣ ምንም ስሜት የማትሰጥ ትንሽ መኪና አለችኝ። ባለፈው ዓመት ሀያትን ለዓይኗ ሕክምና ወልድያ ልወስዳት ቆቦ መጣሁ። የፊቱን በር ከፍቼ ጠበቅኳት። እሷ አልፋ የኋላውን ከፈተች።

«እትዬ፣ ከፊት ነይ እንጂ» አልኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ አስቤ የተውኩትን ነገር መንገድ ላይ ልናገር ነበር ሐሳቤ።

ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። «እዚህ ይሻለኛል ልጄ» አለች። «ከዚህ መሪው አይታየኝም።»