ጭራ የሌለው ቬሎ

ታላቅ እህቴ ቬሎ ልትመርጥ ስትሄድ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከኋላዋ የማይጎተት። ክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ፀጉሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፣ እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ የተንጠለጠለ ነገር ካየች ዕረፍት የላትም። ሰፈሩ «ወይዘሪት ቋጠሮ» ይላታል። እኔም አሾፍባት ነበር፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

እናታችን የሞተችው እዚያው ፋብሪካ ነው። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ ማሽን ያዘባት። ከዚህ በላይ ቤታችን ውስጥ አይወራም። እህቴ ያን ቀን ፈረቃዋ እንዳልነበረ ነግራኛለች፤ አምኜ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

የሙሽራው አክስት አብረውን መጡ። ደግ ሴት ናቸው፣ ግን አፋቸው አያርፍም። እህቴ ጭራ የሌለው ቬሎ ባነሳች ቁጥር ከእጇ ተቀብለው መልሰው ይሰቅሉታል።

«ይሄማ የሌሊት ልብስ ነው! ሙሽራ ስትገባ ከኋላዋ ሦስት ሜትር ካልተከተላት ምኑን ሙሽራ ሆነች?»

«እትዬ፣ የሚጎተት ነገር አልወድም።»

«ለአንድ ቀን ነው ልጄ። ሰው ምን ይለናል?»

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። አግዢኝ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን ርቦኛል፣ ሰልችቶኛል። «ለብሰሽ አሳዪያቸውና እንገላገል» አልኳት።

ለበሰችው። እውነቱን ለመናገር አማረባት። አክስቱ እንባ እንባ አላቸው። «እስቲ ራመድ ራመድ በይ» አሏት። ባለሱቋ ጭራውን አስተካክላለሁ ብላ ስትጎነበስ ጫፉን ረገጠችው። ልብሱ እህቴን ወደ ኋላ ሳባት።

«አጥፉት! ማሽኑን አጥፉት!»

አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። ባለሱቋ ምንም እንዳላደረገቻት ትምላለች። አክስቱ ሄደው አንዱን ጭራ የሌለው ቬሎ ከተሰቀለበት አወረዱና አጠገቧ አስቀመጡላት።

እኔ ከጀርባዋ ቁልፎቹን መፍታት ጀመርኩ።

«እዚያ ነበርሽ እንዴ?» አልኳት።

«አጠገቧ ነበርኩ» አለች። «ማጥፊያው በእኔ በኩል ነበር። እሱን ትቼ ሻርፑን ጎተትኩ።»