በጥር ያጠብኩት የሙሽራ መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ሙቅ ውሃ በባልዲ ሞልቶ ከቤት ሲወጣ አየሁትና ጮህኩበት። መኪናችን በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው አመድ መስላለች፣ ውጭ ውርጩ ፊት ይቆርጣል። «አስቀምጠው!» አልኩት። «ምን ሆንሽ? ትንሽ ላጥባት ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ባልዲውን ነጥቄ መታጠቢያ ቤት ደፋሁት። ምክንያቱን አልነገርኩትም። መጻፍ ይቀለኛል።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፍራንክፈርት ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ሆኽስት የሚባል ሰፈር ከወንድሜ ከዮናስ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። እሱ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፣ እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። እሁድ እሁድ በኪራይ አዳራሽ የሚሰበሰበው ጉባኤያችን ውስጥ አንድ ጓደኛው ሊያገባ ነበር፤ ያውም በጥር። አገር ቤት ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ። እዚህ ጥር ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን የሙሽራዋ እናት «ልጄን ከጥር ውጪ አልድርም» አሉ፣ አለቀ። ሙሽራዋን እንድትጭን የተመረጠችው የዮናስ መኪና ነበረች።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ዮናስ መኪና ማጠቢያው በር ላይ በውርጭ ምክንያት ዝግ ነው የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘ። ተናድዶ ተመለሰ።

«በዚህች ሙሽራ አልጭንም። ድንች ስታመላልስ የከረመች ነው የምትመስለው። አንቺ እጠቢያት፣ እኔ ጸጉሬን ልቆረጥ።»

«በዚህ ብርድ?»

«አዲስ አበባ ልጆቹ በቀዝቃዛ ውሃ አይደል የሚያጥቡት?»

«እነሱ ይከፈላቸዋል!»

«አንቺም ኬክ ትበያለሽ» ብሎ ሄደ።

ሙቅ ውሃ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ሆፉ፣ ማለት ወደ ግቢው፣ በባልዲ አመላለስኩ። ውሃው መኪናዋ ላይ ሲያርፍ እንፋሎቱ እኔን ጭምር ይሸፍነኛል፤ የሳሙናው ሽታ ከጎረቤት ከሚወጣው የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ጋር ይደባለቃል። ጣራው ላይ ትቼው የዞርኩት ጨርቅ እንደ ጣውላ ደርቆ ጠበቀኝ። ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። ግቢው ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ውሃው በበሩ ስር ሾልኮ የእግረኛ መንገዱ ላይ ይተኛል። አይቼዋለሁ። አላየሁም አልልም።

ጋሽ ጌታቸው ያኔ ነው የወጡት። ምድር ቤት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ። ጠዋት ጠዋት ረጅም ጥቁር ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን አድርገው ዳቦ ሊገዙ ይወጣሉ።

«ሠርግ አለ ማለት ነው» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ሙሽራ ልንጭን ነው።»

«ጎሽ። ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ታች ነዋ።»

«እሱማ ወደ ላይ አይሄድም» ብለው ሳቁ። «ይሄ ትንሽ ቆይቶ መስታወት ነው የሚሆነው። ጨው ነስንሺበት። ኬለር ውስጥ፣ ታች ዕቃ ማስቀመጫው፣ በቀይ ባልዲ አለ።»

«እሺ ጋሼ።»

የዚያን ዘመን እሺዬን የሚያውቅ ያውቀዋል። እሳቸው ጥግ ጥጉን ይዘው ሄዱ፣ እኔ መፈተጌን ቀጠልኩ።

ስጨርስ ባልዲውን ይዤ ወደ በሩ ስራመድ እግሬ ከስሬ ሄደ። የበሩን ብረት ይዤ ተረፍኩ። መንገዱ ላይ ከግድግዳው እስከ አስፋልቱ ድረስ በረዶ ተጋግሯል። ታዲያ ምን አደረግኩ? በረዶ የሚፈራው ሙቀት ነው ብዬ ሁለት ባልዲ የፈላ ውሃ አምጥቼ ደፋሁበት። ጨሰ፣ ሟሟ፣ ጠፋ። ደስ አለኝ። ላይ ወጥቼ ቀሚሴን ቀይሬ ስመለስ ሰፍቶ ጠበቀኝ። አሁን ደግሞ አይታይም፤ ጥርት ብሎ ዝናብ የነካው ተራ መንገድ መስሏል። በጫማዬ ጫፍ ስነካው አንሸራተተኝ።

የኬለሩ ቁልፍ አራተኛ ፎቅ፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነበር። ላመጣ ስዞር ዮናስ ሱፉን ለብሶ መኪናዋን አስነሳ።

«ግቢ! ሙሽራዋ ኖርድኤንድ ሰፈር ቆማ እየጠበቀች ነው!»

«አንድ ደቂቃ፣ ጨው ላምጣ።»

«የምን ጨው? ወጥ ልትሠሪ ነው?»

ሳቅኩ። ሳቅኩና ገባሁ።

ጥጉ ጋ ስንደርስ ጋሽ ጌታቸው የዳቦ ከረጢታቸውን ታቅፈው ከፊት ለፊት ሲመጡ አየኋቸው። መኪናዋን ለዩዋት። የምታብረቀርቅ መኪናችንን አይተው ባርኔጣቸውን አነሱልን። መስታወቱን ዝቅ አድርጌ «ጋሼ፣ በዚያኛው በኩል ይሂዱ» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ እጄን አወዛወዝኩላቸው።

አዳራሹ ይሞቃል፣ መዝሙሩ ደምቋል፣ ዶሮ ወጡ ቀርቧል። ሰው ሁሉ መኪናዋን ሲያደንቅ ዮናስ በእኔ ይኮራል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ወደ ዮናስ እዞራለሁ። ዳቦውን ይዘው ገብተው ይሆናል እያልኩ እስከ አስር ሰዓት ቆየሁ። አስር ሰዓት ላይ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ለዮናስ ደወሉ። ጋሽ ጌታቸው በራችን ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ቀዶ ጥገና እየገቡ ነው። «በረዶ ነው ያዳለጠው» ብለው አለቀሱ።

ከወር በኋላ፣ ጋሽ ጌታቸው ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ እትዬ አልማዝ ጠሩኝ። ከጤና መድኑ ፎርሙላር፣ የሚሞላ ቅጽ፣ መጥቷል። «አንተማ መነጽር ጠፋብኝ እያልክ ታቆየዋለህ» አሏቸውና ለእኔ ሰጡኝ። አደጋው የት ደረሰ፣ በስንት ሰዓት፣ እያልኩ ሞላሁ። ከታች አንድ ጥያቄ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«የሌላ ሰው ጥፋት አለበት ወይ ነው የሚለው።»

«እግዚኦ! የማን ጥፋት ይሆናል? የብርዱ ነው እንጂ!»

«የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ወረቀቱን ለጋሽ ጌታቸው አቀበልኳቸው። መነጽራቸው ኪሳቸው ነበር። ከላይ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ጣታቸው እዚያ ሳጥን ላይ ሲደርስ ቆመ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከዚያ ፈረሙ።

«ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ዳቦ ሊገዙ ብቻቸውን ወጥተው አያውቁም። ከስድስት ዓመት በኋላ በሌላ በሽታ ሞቱ። ሲሞቱ ለእትዬ አልማዝ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሻይ ስቀዳ ዋልኩ። ሰው ጊዜ ሲያልፍ መናገር ይቀላል ይላል። እኔ በየዓመቱ ሲከብድ ነው ያየሁት፤ አሁን መኪና ማጠቤን ብቻ ሳይሆን ዝም ያልኩትን ዓመት ሁሉ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

እትዬ አልማዝ አርጅተዋል። ደብዳቤ ሲመጣላቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ በዚህም ሳምንት ሄጄ አንብቤላቸዋለሁ። ስወጣ እንደ ሁልጊዜው በሩ ድረስ ሸኙኝና «አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» አሉ። እኔ ባልኖር ጋሽ ጌታቸው ያን ጠዋት ዳቦአቸውን ይዘው ቤታቸው ይገቡ ነበር። ያልኳቸው ግን «ኧረ ምንም አይደል እትዬ» ነው።