በኪሎ የተሸጠው ማሽን

የሱዳኑ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ጁባ ከገቡት ሐበሾች አንዷ ነኝ። ሌላው ሆቴል ሲከፍት እኔ ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች ማተሚያ ቤት ከፈትኩ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው አብረውኝ ይሠሩ ነበር። አዲስ አበባ ሳለን እኔ ወረቀት አጣፊ፣ እሳቸው የማሽን ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ «ይምጡ ጋሼ፣ አብረን እንብላ» ብዬ ያስመጣኋቸው እኔው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ያደረግኩት እንዳይቀልልኝ ነው።

ማሽናችን ከካምፓላ የመጣ ያረጀ የጀርመን ኦፍሴት ነበር። ደረሰኝ፣ ቫውቸር፣ የምግብ ዝርዝር እናትምበታለን። ጥራዙን በመርፌና በሲባጎ የሚሰፉትም ጋሼ ነበሩ። ሥራ ሲያልቅ ቀለም የሚቀቡትን ሮለሮች አንድ በአንድ በላምባ ሳያጥቡ ኒምራ ታላታ ወዳለው ቤታቸው አይሄዱም። ወባ እያንቀጠቀጣቸው እንኳ ያጥባሉ።

«ይተዉት ጋሼ፣ ነገ ይደርሳል» ስላቸው፣ «ሰው እግሩን ሳይታጠብ ይተኛል እንዴ?» ይሉኛል።

ከዚያ ከተማው ቸኮለ። መሥሪያ ቤቱም ሆቴሉም ባለቀለም ባነር፣ ያውም ለዛሬ ይፈልግ ጀመር። እኛ ጽሑፉ የሚቀረጽበትን ፕሌት እስክንሠራ ደንበኛው ጎረቤት ሄዶ አሳትሞ ይወጣል። ዘመኑ የዲጂታል ነው፣ ካልተለወጥን እንዘጋለን አልኩ። በዚህ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ነው።

ለአዲሱ ፕሪንተር ቀብድ እንዲሆነኝ ኦፍሴቱን ለብረታ ብረት ነጋዴ ሸጥኩት። ሰውዬው የገዛው እንደ ማሽን አልነበረም፤ በኪሎ ነው። ተፈታትቶ ሲመዘን ጋሼ ቆመው አዩ። ነጋዴው «ኸላስ! አለቀ!» ብሎ እጁን ሲያራግፍ የላምባ ጨርቃቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የተስማሙ መሰለኝ፤ እንዲመስለኝም ፈልጌ ነበር።

አዲሱን ማሽን የተከለው ባለሙያ ግማሽ ቀን በእንግሊዝኛ አስተማረኝ። ጋሼ ከኋላችን ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ባለሙያው ቀለም የሚረጨውን ክፍል፣ ሄድ የሚሉትን፣ ከራሱ ማጽጃ በቀር ምንም እንዳይነካው ብሎ አስጠነቀቀኝ።

«ምን አለ ልጄ?» አሉኝ ጋሼ።

«ለእርስዎ የሚሆን ነገር አይደለም» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ቤት መጥረግና ባነር መጠቅለል ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የምናስረክበው ትልቅ ትእዛዝ ነበረብን። ናሙና ላሳይ ወጥቼ ስመለስ ሱቁ ላምባ ላምባ ይሸታል። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ማሽኑን ከፍተው ሄዱን ይወለውላሉ። ያቺ ጨርቅ እጃቸው ላይ ናት።

«ቀለም ይዞ ሲያድር አሳዘነኝ፤ አጠብኩልሽ» አሉኝ። ኦፍሴቱ ከተሸጠ ወዲህ ፊታቸው እንዲያ በርቶ አይቼ አላውቅም።

ማሽኑን አስነሳሁት። ባነሩ ነጭ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ።

የእኔ ቁጣ ድሮም ክብሪት ነው። «እርስዎንም ከኦፍሴቱ ጋር በኪሎ መሸጥ ነበረብኝ!» ብዬ ጮህኩ። ደጅ የቆሙት የቦዳቦዳ ሞተር ነጂዎች ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩን። ጋሼ ጨርቋን እንደ ልማዳቸው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ «ልክ ነሽ» ብለው ወጡ። አልተከተልኳቸውም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ የዚያን ቀን ግን የታየኝ የማሽኑ ጉዳት ብቻ ነበር።

ትእዛዙ አመለጠን። ሌላ ሄድ ከካምፓላ እስኪመጣ ሳምንታት ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ቀናኝ፤ ባነር በለው፣ ስቲከር በለው፣ ቲሸርት በለው። ዓመት ሳይሞላ እንደኔው ዓይነት ማሽን ያልገዛ ጠፋ፤ ትናንት ሳሙና ይሸጥ የነበረው ሁሉ አታሚ ሆነ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ተመልሰው ተራ ቁጥር ያለው፣ በእጅ የተሰፋ ጥራዝ ይጠይቁኝ ጀመር። ያን ፕሪንተር አይሰፋውም። ጋሼን የፈለግኳቸው ያኔ ነው። ናፍቀውኝ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ናፍቆቱ የመጣው ሳያቸው ነው።

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ፣ ተሸካሚዎቹ ከሚያርፉበት አጠገብ፣ በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የተገነጣጠለ መጽሐፍ ቅዱስና የተማሪ መጽሐፍ ይጠርዛሉ። ሸሚዛቸው የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቷቸዋል። ታመው እንደነበር ያስታውቃሉ፤ ድነው እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈራሁ። ብድግ ሊሉልኝ ሲሞክሩ ትከሻቸውን ያዝኩ፤ እጄ ላይ የቀረው አጥንት ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው እያለቀስኩ። «ባለሙያው ከራሱ ማጽጃ በቀር ምንም እንዳይነካው ብሎ ነበር፤ እርስዎ ጠይቀውኝ አልነገርኩዎትም። ወደ ሥራዎ ይመለሱልኝ።»

የያዙትን መጽሐፍ ስፌት ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ፊታቸው ላይ ቂም አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «ኪሎዬም ቀንሷል፤ አያዋጣሽም።»