በሦስት ፒስተን ወደ መካነ ሰላም

ደሴ፣ ጎህ ሲቀድ

እህቴ ዘይነባ ትናንት ከጅዳ ገባች። ስድስት ዓመት ያየኋት በስልክ ብቻ ነው። ዛሬ መካነ ሰላም ላይ ትንሿ እህታችን ራህመት ትዳራለች፤ ከሰዓት በኋላ ሙሽራው ወደ ከላላ ይዟት ይሄዳል። የዘይነባን መምጣት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እናታችንም ብትሆን አልሰማችም። የአሮጌዋን መኪናዬን የኋላ ወንበር ሻንጣዎችና ከጅዳ የመጣ ወፍራም ብርድ ልብስ ሞልተውታል።

"ሰይዶ፣ ራህመት ሳትወጣ እንደርስባታለን?" አለችኝ ዘይነባ።

"ኢንሻአላህ! ለምሳ እዚያ ነን።"

ሁለታችንም እንደ ልጅ እየሳቅን ከተማውን ለቀን ወጣን።

ጉጉፍቱ፣ ማለዳ

ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። የመኪናዋን መብራት አብርቼ እየተጠነቀቅኩ እወጣለሁ። ዘይነባ ብርዱን ረስታ መስኮቱን ከፍታለች፤ የገብሱን ማሳ፣ የድንጋይ ቤቶቹን፣ ፀጉራሞቹን በጎች እያየች "ወላሂ ሽታው ራሱ ናፍቆኝ ነበር" ትላለች።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ነዳጅ ስረግጥ መኪናዋ ተግ አለች። እንደገና ስረግጥ ተንገጫገጨችና ወደፊት ዘለለች።

"ምን ሆነች?"

"ከፍታው ነው፤ እዚህ ላይ ሁሉም መኪና ይደክመዋል" አልኳት። እኔም ለማመን እየሞከርኩ ነበር።

ካቤ፣ ረፋድ ላይ

ወደ ወረኢሉ የሚሄዱት አውቶቡሶች ከሚገነጠሉበት መንገድ ዳር ቆመን ትኩስ ዳቦ በሻይ በላን። ሞተሩን አላጠፋሁትም። መኪናዋ ቆማም ትንቀጠቀጣለች፤ መሪው ላይ ያስቀመጥኩት እጄ ይርገበገባል። ከፍታው ቢሆን ኖሮ የሚደክማት ዳገት ላይ እንጂ ቆማ ባልተንቀጠቀጠች።

አጠገባችን ሻይ የሚጠጣ የጭነት መኪና ሾፌር ጆሮውን ሰጠ። "ነዳጅ ነው ጌታው፤ ቆሻሻ ይዞባት ነው።"

የነዳጅ ፊልትሮውን አብረን ፈታን። እውነትም ደለል ነበረበት። ሌላ ፊልትሮ ገዝቼ ቀየርኩ። ተደስተን ተነሳን፤ ሾፌሩም እጁን እያውለበለበ ሸኘን።

ወደ አቀስታ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል

ደስታችን እስከሚቀጥለው ዳገት ብቻ ቆየ። መኪናዋ ከበፊቱ ብሳ ተርገፈገፈች፤ በአንደኛ ማርሽም አልወጣ አለች። ዳር ይዤ ቆምኩ። ዘይነባ ሰዓቷን ታያለች። ስልኳ ጮኸ፤ ራህመት ናት።

"ቀናሽ ይባረክ የኔ እመቤት" አለቻት ዘይነባ። "አዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ንፋስ ነው የምትሰሚው።" ስልኩን ዘግታ ፊቷን አዞረች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ እየሠራ ነዳጁን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳት የሚያደርሱትን ገመዶች በደረቅ ወፍራም ጨርቅ ይዤ በየተራ ነቀል መለስ አደረግኩ። አንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ነቀልኩ፤ ምንም ለውጥ የለም!

"አገኘሁት! ይቺ ፒስተን አትሠራም። ከአራቱ የመጣነው በሦስቱ ነው!"

ሞተሩን አጥፍቼ የሦስተኛውን ካንዴላ ከአራተኛው ጋር አቀያየርኩ። ሳስነሳው የማይሠራው ያው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ካንዴላው ደህና ነው። ገመዱን ጠረጠርኩት፤ ግን በዚያ ፀሐይ እሳት ቢያፈተልክስ በምን ይታያል?

"ጨለማ ቢሆን እሳቱ ይታየን ነበር" አልኳት።

ዘይነባ አንድ ጊዜ አየችኝና ወደ ኋላ ወንበር ሮጠች። ያን ወፍራም ብርድ ልብስ ጎትታ አመጣችና በተከፈተው ኮፈን ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋችው። ጫፉን ከማራገቢያው አርቀን ጭንቅላታችንን አስገባን። ጨለማ። የቤንዚን ሽታ። ከዚያ ጠጭ፣ ጠጭ፣ ጠጭ! ሰማያዊ ብልጭታ ከገመዱ ጎን ወደ ብረቱ ይዘላል።

"ያ! አየሁት! ሰይዶ፣ እዚያ ጋ!" ጆሮዬ ላይ ነው የጮኸችው።

ገመዱ ተሰንጥቋል፤ የጉጉፍቱ ጭጋግ ደግሞ እርጥበት ጨምሮበታል። ሞተሩን አጥፍቼ ገመዱን አደረቅኩ፤ በጎማ ካላማዳርያ ቁራጭ ጠቀለልኩት፣ በሚጣበቅ ናስትሮ አጠበቅኩት፣ ከብረቱም አራቅኩት። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ለስላሳ ድምፅ አወጣ። ዘይነባ መሀል አስፋልቱ ላይ እልል አለች። ገብስ የሚያርሙ ሴቶች ቀና ብለው፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ እልልታዋን ተቀበሏት።

መካነ ሰላም፣ ከሰዓት በኋላ

አቀስታን ሳንቆም አለፍን። የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሰፈራችንን ጭፈራ ሰማን። የሙሽራው መኪኖች በር ላይ ተደርድረዋል፤ አልወጡም! ዘይነባ ሞተሩን እስካጠፋ አልጠበቀችም።

እናታችን ዳሱ መግቢያ ላይ እንግዳ ትቀበላለች። ደህና የለበሰች፣ ወፈር ያለች ሴት ወደ እሷ ስትመጣ አየች፤ ከሙሽራው ወገን መሰለቻት። ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች።

"እንኳን ደህና መጡ፤ ይግቡ፣ ይግቡ። ቦታ ይስጧቸው እንጂ!"

ዘይነባ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

"እማ" አለች፣ "አንቺ በይኝ እንጂ።"