በሳሙና የታጠበ ሲሊንደር

ባሏ ሲሞት ሁለት ሴት ልጆች ጥሎባት ነበር፤ ያሳደገቻቸው የአንድ ጋራዥ መካኒኮችን ቱታ እያጠበች ነው። እጇ የማይለየው ቆሻሻ አልነበረም፤ ግሪሱን፣ ጥላሸቱን፣ በጣት መሃል እንደ አሸዋ የሚሻክረውን ግራጫ ዱቄት ሳይቀር።

አንድ ቀን የአንድ አትክልተኛ የውሃ ፓምፕ ሞተር ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጋራዡ መጣ። ዘይቱን የሚያግደው የፒስተን ቀለበት ሁለቴ በአዲስ ተቀይሮለት፣ ሁለቴም ወር ሳይሞላው ዘይት እየጠጣ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ።

«ጎመኔ እኮ ደርቆ አለቀ!» ብሎ አትክልተኛው ጮኸ።

የጋራዡን ሽማግሌ አለቃ ላብ አጠመቃቸው። አዲስ ቀለበት እንደ መስታወት በለሰለሰ ግድግዳ ላይ እንደማይላመድ ስለሚያውቁ፣ ፒስተኑ የሚመላለስበትን የሲሊንደሩን ውስጥ በመሳያ ድንጋይ አሻክረው ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ?

አጣቢዋ ባልዲዋን አስቀምጣ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ካሻከሩት በኋላ በምን ጠረጉት?»

«በናፍጣ ነዋ! በምን ልጥረገው ኖሯል?»

«ናፍጣ ቅባቱን እንጂ የድንጋዩን ዱቄት አይወስድም። ስንት ቱታ ዘፍዝፌበት አይቼዋለሁ፣ ንቅንቅ አይልም። እሱን የሚያስለቅቀው ሙቅ ውሃና ሳሙና ነው። ዱቄቱ እዚያው ቀርቶ ቀለበቱን እየበላው እንዳይሆን።»

መካኒኮቹ በሳቅ ፈረሱ። «ሲደርቅ ደግሞ በካውያ ተኩሺው!» አለ አንዱ።

አለቃው ግን አልሳቁም። ሲሊንደሩን እንደገና አሻክረው፣ «በይ እንግዲህ፣ እጠቢው» አሏት።

በብሩሽ ፈተገችው። ነጭ ጨርቅ አስገብታ ብታዞር ግራጫ ሆኖ ወጣ። ደገመች፤ ሠለሰች። በአራተኛው ጨርቁ እንደገባ ነጩን ወጣ። አለቃው ዝገት ሳይቀድማቸው ቶሎ አድርቀው ዘይት ቀቡት፣ አዲሱንም ቀለበት ገጠሙ።

በጋው አልፎ ሞተሩ አልተመለሰም። አትክልተኛው ራሱ አንድ እቅፍ ጎመን ይዞ መጣና «የቷ ናት ያጠበችው?» ሲል ጠየቀ።

በማግስቱ አለቃው አዲስ ቱታ አምጥተው እጇ ላይ አኖሩት።

«ልጠበው ጋሼ?»

«ልበሺው እንጂ!»

ባልዲዋን ወደ ጥግ ገፍታ ቱታውን ለበሰችው።

ሙያው እንደ እጥበቱ ቶሎ አልገባትም። ቀለበት ስትገጥም ከልክ በላይ ለጥጣ ስትሰብር፣ በቀለበቱ ሁለት ጫፎች መሃል ያለውን ክፍተት ስትለካ ተሳስታ እንደ አዲስ ስትጀምር ሁለት ዓመት ሄደ። አንድም ቀን ግን «በቃኝ» አላለችም። በሦስተኛው ዓመት አለቃው ከማንም መካኒክ እጅ የወጣ ሲሊንደር እሷ በጣቷ ሳትዳስሰው እንዳይገጠም አዘዙ።