ለስኳር ፋብሪካ ዋስ ስሆን

እስቴ ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የመንግሥት ደመወዝ የምንበላ ሰዎች ጥቂቶች ነበርን። ጥቂት ሰዎች በአንድ ትንሽ ከተማ ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ከመመልከት በቀር ብዙ ሥራ የላቸውም። እኔ የምመለከተው ድሬሰሩን ነበር።

ድሬሰሩ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ጫማው በክረምት እንኳ ጭቃ የማይነካው ሰው ነበር። ሕዝቡ "ዶክተር" ይለዋል። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ሠራተኛ ማለት እንደሆነ ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ፤ የሰማኝ የለም። መርፌ የሚወጋ ዶክተር ነው፣ ልጆች የሚያስተምር ደግሞ አስተማሪ ነው፣ አለቀ። እሱ ሰጋር በቅሎ ነበረችው። እኔ እግር ነበረኝ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ወረቀቱን ነው። ለሥልጠና አዲስ አበባ ቆይቶ በተመለሰ ሰሞን፣ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ በቀን መቁጠሪያውና በፈንጣጣ ክትባት ሥዕሉ መካከል፣ በመስተዋት የተገጠመ ወረቀት ተሰቀለ። ዳር ዳሩ በአረንጓዴ ሐረግ ያጌጠ ነው፤ ማኅተምም አለው። የአንድ ስኳር ፋብሪካ አክሲዮን ነበር።

በዚያ አውራጃ አክሲዮን ምን እንደሆነ የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። የባሕር ማዶ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው መርከብ እንዴት እንደላኩ፣ እንዴት እንደከበሩና እንዴት አብረው እንደከሰሩ አንብቤያለሁ። ድሬሰሩ በሕይወቱ ያነበበው የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ነው። ወረቀቱ ግን ያለው እሱ ጋ ነው። እከኩን ሊታከም የመጣ ገበሬ ሁሉ ከፊቱ ቆሞ ያየዋል።

"ይኸ ደግሞ ምንድነው ዶክተር?"

"የስኳር ፋብሪካ ባለቤት ነኝ ማለት ነው አባባ።"

"ኧረ! ስኳሩ ያንተ ነው?"

"ከብዙ ባለቤቶች አንዱ ነኝ።"

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ማንም አልሰማትም። ብዙ ሳይቆይ ገበያተኛው "ስኳር ፋብሪካ ያለው ሐኪም" ይለው ጀመር። እኔ ሁለት ክፍል በአንድ ጊዜ የማስተምር ሰው ነበርኩ፤ ያንን ያወራ ሰው የለም።

ከዚያ ሚስቴ ጣቷ መግል ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ስለ እሷ ገንዘብ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ሚስቴ የጋይንት ሰው ናት። እናቷ ከመሞታቸው በፊት የሰጧት ከብት ነበራት፤ እዚያው ቤተ ልሔም አጠገብ ላለ ገበሬ በርቢ ሰጥታው ኖራለች። ርቢ ማለት ከብቱ ያንተ፣ ድካሙ የአርቢው፣ ጥጃው የሁለታችሁ ማለት ነው። ገበሬው ሲያረጅ ተካፈሉና ድርሻዋን ዓርብ ገበያ አውጥታ ሸጠች። ገንዘቡ በሳጥናችን ውስጥ ነበር። ከእናቷ ያገኘችው እሱን ብቻ ነው፣ ሌላ የላትም። እኔ በልቤ ቆርቆሮ ጣሪያ አድርጌው ነበር።

ጣቷን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ተመለሰችና፣

"አክሲዮን የምትሉት ርቢ ነው አይደል?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። ላሜን ለሰው እሰጣለሁ፤ እሱ ያረባል፣ እንካፈላለን። ፋብሪካው አርቢው ነው። ልክ አይደለም?"

ልክ ነበር። እኔ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ይህን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ፈጅተዋል። ያንገበገበኝ መግባቱ አይደለም፤ ከእሱ አፍ ሰምታ መግባቱ ነው።

"እና ምን ይሁን?"

"እና ልገዛ ነዋ። ሐኪሙ እንዳለው መጀመሪያ..."

"ሐኪሙ፣ ሐኪሙ! ድሬሰር ነው እኮ ሰውዬው።"

"ይሁን፣ ጣቴን ግን አድኖታል። አንቱ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ካለዎት ያምጡልኝና እጠይቃለሁ።"

ሚስቴ አንቱ የምትለኝ ስትቆጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለአክሲዮን አማካሪ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ መመዘኛ ብቻ ነበረኝ። ድሬሰሩ አይሁን እንጂ ማንም ይሁን።

መጀመሪያ የሄድኩት ዓርብ ገበያ፣ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ አንድ የታወቀ ነጋዴ ዘንድ ነው። የጨው አሞሌዎቹ ላይ ተደግፎ ሰማኝ።

"አክሲዮን? ወረቀት ነው። ዝናብ ከነካው አበቃ።"

"ጨውስ ዝናብ ቢነካው ጋሼ?"

"እሱማ..." አለና ሳቀ። "ይልቅ ገንዘቡን ለእኔ ስጠኝ። ዕቃ እንጫንበታለን፤ ትርፉን እሰጥሃለሁ።"

"ስንት?"

"እግዜር ያለውን ነዋ! በወንድማማቾች መካከል ስንት ይባላል?"

ምክር ሊሰጠኝ ያልፈለገ ሰው አልገጠመኝም። ግን ሁሉም ምክር እየዞረ የመካሪው ደጃፍ ላይ ይቆማል። መሬት ያለው መሬት ግዛ ይላል፣ ወፍጮ ሊተክል ያሰበው ወፍጮ ይላል። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊማ ገንዘቡን ለክርክር አስቀምጠው፣ አንድ ቀን መከሰስህ አይቀርም አለኝ።

በመጨረሻ የሚስቴ አጎት ዘንድ ቤተ ልሔም ወጣሁ። የኔታ የድጓ መምህር ናቸው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች እግራቸው ሥር ይቀመጣሉ። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"የምትካፈሉት በትርፉ ብቻ ነው ወይስ በጥፋቱም?" አሉኝ።

"በጥፋቱም ነው የኔታ።"

"እንግዲያ አራጣ አይደለም። ከዚህ በላይ አላውቅም። ድጓ ብትጠይቀኝ እስኪመሽ ባስተማርኩህ። ስለ ስኳር ምን ብዬ እነግርሃለሁ?"

"ታዲያ ማንን ልመን?"

"ላም ስትገዛ ማንን ታምናለህ? ያስገዛችሁ ሰው ዋስ ይሁና!"

ይህን ስሰማ ልቤ በደስታ ዘለለች። በእኛ ገበያ ከብት ያለ ዋስ አይገዛም። ሻጩ የሚታወቅ ሰው ጠርቶ ያቆማል፤ ያ ሰው የሌባ ከብት ቢሆን፣ የተደበቀ ነውር ቢገኝበት እኔን ጠይቁ ይላል። በሬውን ሲያሞግስ የነበረ ሰው ሁሉ "ትዋሳለህ?" ሲባል ምላሱ ይሰበሰባል። ድሬሰሩም እንደዚያ በሚስቴ ፊት ሲሸሽ ታየኝ። የጋይንትን ቁልቁለት የወረድኩት እየዘፈንኩ ነው።

የኔታ ለዘመድ ልጅ ክርስትና መካነ ኢየሱስ በመጡበት እሑድ ድሬሰሩን ቤቴ ጠራሁት። ሚስቴ ጠላ ቀዳች። እኔ እንዲጣፍጠው ብዬ በገዛ አፌ ዶክተር አልኩት።

"ዶክተር፣ ባለቤቴ በአንተ ምክር አክሲዮን ልትገዛ ነው። ትዋሳለህ?"

"ለማን? ለፋብሪካው?"

"ለፋብሪካው።"

ሰውዬው ጠላውን አስቀመጠ። ወደ ሚስቴ ዞረ።

"እትዬ የሚገዙት እኔን አምነው ነው። እዋሳለሁ። ገንዘባቸው ቢጠፋ በቅሎዬን ይውሰዱ።"

እንዲህ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም። ባል በተቀመጠበት ሌላ ወንድ ለሚስት ገንዘብ ዋስ መቆሙ እስከ ስማዳ ድረስ የሚወራ ነገር ነው። ከዚያም በላይ በቅሎዪቱ ታየችኝ፤ ሚስቴም በላይዋ ተቀምጣ።

"የማንም በቅሎ አያስፈልጋትም!" ብዬ ብድግ አልኩ። "ዋሷ እኔ ነኝ!"

"ለምኑ?" አሉ የኔታ።

"ለፋብሪካው።"

"አንተ ልጅ፣ እስካሁን ስትቃወመው ለኖርከው ፋብሪካ?"

"ነኝ አልኩ እኮ የኔታ!"

"በምን ትዋሳለህ?" አለች ሚስቴ በእርጋታ።

"በደመወዜ።"

"መጽሐፎቹንም ጨምር።"

ጨመርኩ። የኔታ ምስክር ሆኑ። በዚህ ዓይነት፣ የት እንደተሠራ እንኳ አይቼ ለማላውቀው ፋብሪካ ዋስ ሆንኩ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገንዘቧን ይዤ በደብረ ታቦር በኩል አዲስ አበባ ሄድኩ። አክሲዮን የሚያገበያየው ባንክ ውስጥ ከረቫት ያሰረ አንድ ወጣት ጸሐፊ አስቀመጠኝ። ደግ ልጅ ነበር፤ ትርፉን ሊነግረኝ ጀመረ። አስቆምኩት። እኔ የፈለግኩት ትርፉን አልነበረም። የፈለግኩት ነውሩን ነው። ተመልሼ ድሬሰሩ ፊት የማስቀምጠው አንድ ነውር።

"ፋብሪካው ቢዘጋ መጀመሪያ ገንዘቡን የሚወስድ ማነው?"

"ያበደረው ሰው።"

"ባለ አክሲዮኑስ?"

"የተረፈውን።"

"ካልተረፈ?"

"ካልተረፈማ... የለም።"

"ሚስቴ ገንዘቤን መልሱልኝ ብትል?"

"ፋብሪካው አይመልስም። ድርሻዋን የሚገዛት ሌላ ሰው መገኘት አለበት።"

"ካልተገኘ?"

"ትጠብቃለች።"

"ዘንድሮ ትርፍ እንደሚያካፍል ዋሱ ማነው?"

ሳቀ። "ዋስ የለውም ጋሼ። አንዳንድ ዓመት ላይሰጥም ይችላል።"

"አንተ ራስህ ገዝተሃል?"

"ደመወዜ አያደርስም።"

"ቢያደርስህ ያለህን ሁሉ ትሰጣለህ?"

ልጁ ብዕሩን አስቀመጠ። አለቃው በአጠገብ አለመኖሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሁሉንም አልሰጥም። ግማሹን ብሰጥ ነው፤ እሱንም ለጥቂት ዓመት የማልፈልገውን።" ከዚያ በመገረም አየኝ። "እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስንት አገኛለሁ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እርስዎን ምን አድርገውዎት ነው?"

ስለ በቅሎዋ አልነገርኩትም።

በሚስቴ ስም በገንዘቧ ግማሽ ገዛሁ። የቀረውን እዚያው ባንክ በቁጠባ አስቀመጥኩ። ቤት ስደርስ ወረቀቱን ገለበጠችና፣

"ግማሹስ የታለ?" አለች።

"ባንክ ነው።"

"ፈርተህ ነው?"

"ፈርቼ ነው። ዋስ ነኝ።"

"ሐኪሙ እኮ ያለውን ሁሉ ነው የገዛበት።"

"እሱ ዋስ የለውም።"

ከድሬሰሩ ጋር በተያያዘ ነገር ሚስቴ ዝም ስትል ያየሁት ያኔ ነው፤ ለብዙ ቀን ደስ ሲለኝ ሰነበተ።

በቀጣዩ ዓመት ፋብሪካው አዲስ መኪና አስመጣሁ ብሎ ትርፍ ሳያካፍል ቀረ። የሚስቴ ዓይን ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አልነቀል አለ። ድሬሰሩ ግን አልደነገጠም። "ይሰጣል ጋሼ፣ ይሰጣል" ይለኛል፤ እኔን የሚያጽናና እየመሰለው።

ከዚያ ወደ ቆላ እንዲዛወር ታዘዘ። በዚያው ሰሞን አባቱ ሞተው ነበርና ተዝካር ማውጣት ነበረበት። አክሲዮኑን ልሽጥ ብሎ ለአዲስ አበባ ጻፈ። ለጊዜው ገዢ የለም፣ ይጠብቁ የሚል መልስ መጣለት። ደስ አለኝ። ደስ ያላለኝ ብመስል ይሻል ነበር፤ ግን ደስ አለኝ። ወረቀቱን ከግድግዳው ሲያወርድ በአጋጣሚ እዚያ ነበርኩ። መስተዋቱን ያዝኩለት።

ሊሰናበት ቤታችን መጣ። ሚስቴ ለመንገዱ ዳቦ ስትቋጥርለት ቆየችና ቀና አለች።

"እኔ እገዛሃለሁ።"

"ምኑን እትዬ?"

"አክሲዮኑን። በገዛህበት ዋጋ ግን አይደለም። አንተ ቸኩለሃል፣ እኔ አልቸኮልኩም።"

"በምን ገንዘብ?"

"በግማሹ።"

"የቱ ግማሽ? ሁሉንም አልገዙበትም እንዴ?"

"ባለቤቴ አስቀረው።"

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። "ማን መከረዎት ጋሼ?"

አፌን ስከፍት ሚስቴ ቀደመችኝ።

"ማን ይመክረዋል? በአንተ ሲቀና ነው ያገኘው።"

ጠላው ትን አለኝ። እሷ ዳቦውን መቋጠር አልተወችም። ድሬሰሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ታድለዋል እትዬ" አላት። "ምነው እኔም የሚቀናብኝ ሰው ኖሮኝ በጠየቅኩት።"

"ነበረህ እኮ። አልጠየቅኸውም።"

ዋጋውን ተስማሙ። በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ስለ እኔ ሲያወሩ እንደሌለሁ ሰው ሰማኋቸው። ሚስቴ ገንዘቡን አስባ ስትጨርስ ወደ እኔ መለስ አለችና፣ "ለዚህኛውም ግን ዋስ እፈልጋለሁ" አለች። ድሬሰሩ አፉን ሳይከፍት "ነኝ" አልኩ።

ፋብሪካው በተከታዩ ዓመት ትርፍ አካፈለ። ብዙ አልነበረም። ለዋሱ ድርሻ አለው ያለ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ድሬሰሩ ከቆላ ይጽፍልናል። ሰላምታውን የሚያስቀድመው ለእሷ ነው፤ የጣቷን ጤንነት ሳይቀር ይጠይቃል። ደብዳቤውን የማነብላት እኔ ስለሆንኩ አንዳንዱን ሰላምታ እዘለዋለሁ።